ጋማ ጨረርና የአርማጭሆ ጥቁር ድንጋይ

እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኮባልት የጨረር ሕክምና ከተጀመረ ወዲህ፥ ለሃያ ዓመታት ያህል ሌላ የጨረር ሕክምና ቦታ በአገሪቱ አልነበረም። ከሳንጃ የተነሣች የማሕፀን ጫፍ ካንሰር በሽተኛ በትክል ድንጋይ አልፋ ጎንደር ብትደርስም፥ ገና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይቀራት ነበር። መሣሪያው ውድ፥ ባለሙያውም ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከመሣሪያው የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ግድግዳ ነው። ጨረሩን የሚያግድ ክፍል ሳይሠራ መሣሪያው ከሣጥኑ አይወጣም።

ብዙዎቻችን ጋማን የሚያግደው እርሳስ ብቻ ይመስለናል። ይህ እምነት የመጣው ከራጅ ክፍል ነው፤ ለራጅ በእርግጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር እርሳስ ይበቃል። የኮባልት 60 ጋማ ግን ከ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ኃይል ስላለው ጠባዩ ይለያል። ወደ አንድ ዐሥረኛ ለመቀነስ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል እርሳስ፥ ወይም 21 ሴንቲ ሜትር ያህል አርማታ ያስፈልጋል። ሁለቱን በሚዛን ብናስቀምጣቸው፥ በአንድ ካሬ ሜትር እርሳሱ 450፥ አርማታው 490 ኪሎ ግራም ግድም ይሆናሉ። እንግዲህ በዚህ ኃይል የሚያግደው በይበልጥ የዕቃው ስም ሳይሆን ክብደቱ ነው።

ክብደት ደግሞ በአገራችን አልጠፋም። ከጎንደር ወደ ሳንጃ ስንወርድ ግራና ቀኝ የምናየው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የፋሲል ግንብም የተሠራው በባዛልት ነው። ጥቅጥቅ ያለው ባዛልት ከተራ አርማታ ይከብዳል። በኮባልት ፈንታ የሚመጣው ሊኒየር አክስለሬተርም ይበልጥ ወፍራም ግድግዳ የሚጠይቅ ስለሆነ፥ ነገሩ የበለጠ ያሳስበናል።

ይህን ስንል የድንጋይ ግንብ ካለን ይበቃናል ማለታችን አይደለም። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ቀላል ነው፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ክፍተት ከቀረም ጨረሩ በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ድንጋዩ ተፈጭቶ ጠጠር መሆን፥ አርማታውም ያለ ስንጥቅ መሞላት፥ ውፍረቱ መሰላት፥ በመጨረሻም በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። ከግድግዳው የተቆጠበው ገንዘብ በሠራተኛው ጤና የሚከፈል ከሆነ ቁጠባ አይባልም።

«ይህ የውጭ አገር ባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉ ባልንጀሮች አሉን። የውጭው ባለሙያ ስሌቱን ያመጣልን ይሆናል፤ ድንጋያችንን ግን እኛ ካልመዘንለት በመጽሐፉ ውስጥ አያገኘውም። ሚዛን፥ አንድ ባልዲ ውሃና ጥቂት የድንጋይ ናሙና ካለን ክብደቱን ዛሬውኑ መለካት እንችላለን። የማገድ ኃይሉን ለመለካት ግን የታሸገ የጨረር ምንጭ፥ መለኪያና የመምህራን ጥበቃ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የፊዚክስና የምሕንድስና መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሚሰጡት አርእስት አንዱ ይህ ይሁን። እኛም ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ድንጋዩን ይዘን እንመለስ። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።