ያላገባችዋስ ምን ትያዝ?

«ሴት ልጅ ደግሞ ዱላ ምን ያደርግላታል?» አለኝ አንድ የክፍላችን ልጅ። ወሬው ስለ ፊሊፒንስ ነበር። በዚያ አገር አርኒስ የሚባለው ባህላዊ የዱላ ፍልሚያ እ.ኤ.አ. በ2009 በሕግ ብሔራዊ ስፖርት ሆኗል፤ ሴቶችም ራሳቸውን ለመከላከል ይማሩታል።

እኔ ያደግሁት ጎጆ ነው፤ የሴት ዱላ ብርቄ አይደለም። የተበደለች የኦሮሞ እናት ሲንቄዋን ይዛ እሪ ስትል የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ካልካሰ አይመለሱም። ሲንቄ መምቻ ሳይሆን የክብር ምልክት ነው። ነገር ግን ሲንቄ የሚሰጠው ለሙሽራ ነው። ከትምህርት ቤት ብቻዋን የምትመለሰዋ ልጅስ ምን ትያዝ? እኔን አንድ ጎረምሳ መንገድ ላይ እጄን ይዞ የለቀቀኝ ገበያተኛ ስለደረሰ ብቻ ነው።

በእርግጥ ሕግ አለ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከክስ ያመልጥ ነበር። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ቢያገባትም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። አንቀጽ 78ም ከልክ ያላለፈ ራስን መከላከል ይፈቅዳል። ዳሩ ግን ፍርድ ቤቱ የሚደርስላት ከተጠለፈች በኋላ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሴቶች የተያዘ እጅ ማስለቀቅን፣ ሳያፍሩ መጮኽን፣ ሰው ወዳለበት መሮጥን ይማሩ። ቴኳንዶም ሆነ ሌላ፣ ስሙ አያጣላንም። ወንዶችስ? እነሱ ደግሞ እጅ መሰብሰብን ይማሩ፤ ጥፋቱ የያዘው እንጂ የተያዘችው አይደለምና!