ስለ ስኳር የምትመሰክር ቍራጭ ወረቀት

በዚህ ወር ልንነግራችሁ ያሰብነው ከጣት ጥፍር እምብዛም ስለማትበልጥ ቍራጭ ወረቀት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፥ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት የዚህች ወረቀት መገኘትና አለመገኘት ብዙ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ የምትናገረውንም የማትናገረውንም አባወራውና እመቤቲቱ ሊያውቁት ይገባል እንላለን።

በጥንት ዘመን የሕንድ ሐኪሞች የአንዳንድ ሕመምተኞች ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ አስተውለው በሽታውን በዚህ ይለዩት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላም ሽንትን ከመድኃኒት ጋር አፍልቶ ቀለሙን መመልከት ተለመደ፤ ነገር ግን እሳትና የመስታወት ቱቦ የሚሻ ስለ ሆነ ለተራው ቤት የሚመች አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ አገር ባልና ሚስት የሆኑት ኬሚስቶች አልፍሬድ ፍሪና ሄለን ፍሪ የደከሙበት ክሊኒስቲክስ የተባለው ወረቀት ለገበያ ቀረበ። ሽንት ነካ አድርጎ በማውጣት ብቻ ስኳር መኖሩ በቀለም ይታወቅ ጀመር። በ1960ዎቹም ለደም የሚሆነው ተከተለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ዋይትሳይድስና ባልደረቦቻቸው ተራውን የማጣሪያ ወረቀት ለዚሁ ሥራ አዋሉት። ወረቀት ፈሳሽን በራሱ ይጠጣልና ያለ ምንም ሞተር ሽንቱን ወደሚፈለገው ስፍራ ያደርሰዋል። ፈሳሹ ከመንገዱ እንዳይወጣ ውኃ በማያሳልፍ ነገር ዳርና ዳሩን ያጥሩታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሰምን በማተሚያ መኪና አትሞ በሙቀት ማቅለጥ ለዚህ እንደሚበቃ ታወቀ። በመንገዱ መጨረሻ ግሉኮስ ኦክሲዴዝና ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ከፖታሲየም አዮዳይድ ጋር ደርቀው ይጠብቃሉ። ፊተኛው ከስኳሩ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ያወጣል፤ ሁለተኛውም በዚያ አማካይነት አዮዳይዱን ወደ አዮዲን ይለውጠዋል። ቡናማ ቀለም ሲታይ ስኳር መኖሩ ተመሰከረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይኸው የምርምር ቤት በገበያ በሚሸጠው የስኳር መለኪያ ሊነበብ የሚችል የወረቀት ስትሪፕ ሠርቶ አሳየ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው ቢባል፥ ስለ ዋጋ ነው። መለኪያው አንድ ጊዜ ተገዝቶ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ስትሪፑ ግን አንድ ጊዜ ከተለካበት በኋላ ይጣላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ መለካት ሊያስፈልገው ይችላል። ስትሪፕ ለመቈጠብ ሲል ሳይለካ የሚሰነብት ሕመምተኛ መድኃኒቱን በግምት ለመውሰድ ይገደዳል። ከእነዚህ የወረቀት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ገና ከምርምር ቤት አልወጡም፤ ሆኖም በርካሽ ዋጋ ተሠርተው ቢዳረሱ ግምትን በልክ የሚተኩ ይሆናሉ።

ነገር ግን ምስክር ሁሉ የሚያውቀው ወሰን አለው። በአብዛኛው ሰው ስኳር ወደ ሽንት የሚያልፈው በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 180 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ነው። በባዶ ሆድ 126 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ግን የስኳር በሽታ ይባላል። እንግዲህ በባዶ ሆድ ደሙ 150 የሆነ ሰው በሽታው እያለበት የሽንቱ ወረቀት ቀለሟን ሳትለውጥ ልትቀር ትችላለች። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ ስኳር ከ70 በታች ወርዶ ሰውዬው ቢያልበው፥ ቢንቀጠቀጥና ነገር ቢምታታበት የሽንት ወረቀት ምንም አትናገርም። ይህን የሚገልጠው የደም ልኬት ብቻ ነው።

ይህም በጾም ወራት በቤታችን ትልቅ ቁም ነገር ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እህል ሳይቀምስ ሲውል ስኳሩ እጅግ ሊወርድ ይችላል። የሽንት ወረቀት ቀለም አልለወጠችምና ደኅና ነኝ ብሎ የሚጸና ሕመምተኛ ራሱን በማያየው አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር፤ ቤተሰቡም ምልክቶቹን ይወቅ። ምልክቱ ከታየ፥ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሳይዘገይ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይስጡት፤ ራሱን የሳተን ሰው ግን ምንም ሳያጠጡት ወደ ሐኪም ያድርሱት።

ወረቀቶቹንም እንደ መድኃኒት መያዝ ያስፈልጋል። እርጥበትና ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሻሉና ክዳኑ ተገጥሞ፥ ከምድጃ ርቆ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበትም አይታመን። ቀለም የሚነበበው በደኅና ብርሃንና በተባለው ደቂቃ ነው። ጣት የተወጋበት መርፌ ለሌላ ሰው ከቶ አይዋል፤ ልጆች በማይደርሱበት ጠንካራ ዕቃ ውስጥም ይጣል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቍራጯ ወረቀት ፈውስ አይደለችም፤ በጊዜ ከተጠየቀችና ቃሏ በልኩ ከተሰማ ግን ቤቱ ሳይቃጠል ታስጠነቅቃለች።