የእማዬ ሸክላ

ከአዲስ አበባ ወጥተን ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ቤት የሠራን ሰዎች አንድ የሚያመሳስለን ነገር አለ፤ ስንገባ ሳንፈታው የቀረ ካርቶን አይጠፋም። ከካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ካሴት አይጠፋም። አንዳንድ ቤት ሸክላም አለ። ማጫወቻው ግን ወይ ተሰብሯል፣ ወይ ለቆራሌው ተሸጧል።

እኛ ቤት ቡራዩ ያለው የእማዬ ሸክላ የብዙነሽ በቀለ ነው። ማጫወቻ ስለሌለን የ15 ዓመቷ ልጄ ዘፈኑን ከዩቲዩብ ፈልጋ በስልኳ ከፈተችላት። እማዬ መጀመሪያ ሳቀች። ሸክላውን በመጀመሪያ ደመወዟ እንደገዛችው፣ አያቴ «የአዝማሪ ነገር ቤቴ አይገባም» ስለሚሉ ከልብስ ሣጥኗ ሥር ትደብቀው እንደነበር ነገረችን። ልጄ «አንቺም ትደብቂ ነበር?» ብላ ተንከተከተች።

ትንሽ ቆይታ ግን እማዬ ዝም አለች። አብሯት ይሰማ የነበረው ታናሽ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዳንስ ይወድ እንደነበር ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ነገሩ የእማዬ ብቻ አይደለም። ትዝታን የሚያጠኑ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ በዕድሜ የገፋ ሰው በብዛት የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያሳለፈውን ነው። የዛሬዎቹ አያቶች በዚያ ዕድሜ ሳሉ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ደምቆ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጡ። ሸክላ ማሳተም በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ በተፈቀደበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ማሳተም ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊው ምሽቱን ዘጋው። ለዚያ ትውልድ ደስታውም ሐዘኑም ያው አንድ ዘፈን ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለወላጆቻችን የድሮ ዘፈን ስንከፍት፣ ሳያልቅ አንቀይረው። ሲያልቅ «ያኔ ከማን ጋር ነበርሽ?» ብለን እንጠይቅ። ማውራት ካልፈለጉም አንጎትጉታቸው።

ካሴቶቹንም ሳትሰሙ አትጣሉ። ውጭ ሀገር ላለ ዘመድ በድምፅ ደብዳቤ እንቀዳ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ከዘፈኑ ጀርባ የሟች አባት ድምፅ ሊገኝ ይችላል። የካሴት ክር ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፤ ሳይበላሽ ወደ ፍላሽ አስገልብጡት። ዘፈኑን ነገም ከዩቲዩብ እናገኘዋለን፤ የእናትና የአባታችንን ድምፅ ግን ሌላ ቦታ አናገኘውም።

አያቶችም አንድ አደራ አለባችሁ። የልጅ ልጃችሁ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ስታዩት ከመቆጣታችሁ በፊት «እስቲ እኔም ልስማው» በሉት። ከዚያ በኋላ የእናንተን ዘፈን ለማስከፈት አትቸገሩም።