የተፈረመው ሁሉ አልተዋጠም

አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ሆም የሠራ ሐበሻ ሁሉ «ያልተጻፈ እንዳልተደረገ ይቆጠራል» የምትለውን አባባል በቃሉ ያውቃታል። ማሠልጠኛው ያስተምራታል፣ አለቃ ይደጋግማታል፣ ጠበቃም ፍርድ ቤት ይመዛታል። በአባባሏ ጠብ የለኝም። ጠቤ ተከትሏት ከገባው እምነት ጋር ነው፦ የተጻፈ ሁሉ እንደተደረገ ይቆጠራል።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። የማታ ፈረቃ የገባች አንዲት ነርስ 25 አረጋውያን ተሰጥተዋታል እንበል። የምሽቱን 2 ሰዓት መድኃኒት ከ1 እስከ 3 ሰዓት አዳርሳ መጨረስ አለባት፤ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ስኳር ትለካለች፣ ኪኒን ፈጭታ በአፕል ሶስ ትለውሳለች። የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት ኪኒኑን ጉንጫቸው ውስጥ ሸጉጠው «ዋጥኩት» ይሏታል። መሀል ላይ ሰው ከወደቀማ አለቀ። ሰዓት ሲያልፍ የመድኃኒት መዝገቡ ስክሪን ይቀላል፣ መቅላቱም ተግሣጽ ያመጣል። ስለዚህ ቀድማ ትፈርማለች። ኪኒኑ በማግስቱ አንሶላ ሲቀየር ይገኛል፤ ሐኪሙ ግን ያየው መዝገቡን ነውና፣ ግፊታቸው አልወርድ ሲለው መጠኑን ይጨምርላቸዋል።

ነርሷ ዋሽታለች፤ አላስተባብልላትም። ግን እውነቱን ብትጽፍስ? «ዘግይቷል» ብላ የጻፈች ትጠየቃለች፣ ዝም ብላ የፈረመች ትመሰገናለች።

ሕጉ እንኳ እንደ አለቆቹ አይጨክንም። የፌዴራሉ የቁጥጥር መመሪያ ከ60 ደቂቃ በላይ የተዛነፈን መድኃኒት በሰዓት ስሕተትነት የሚቆጥረው መዛነፉ በሽተኛውን የሚያስቸግር ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ሲሆን ብቻ ነው። ከምግብ በፊት የሚወጋ ኢንሱሊንና የማታ ቫይታሚን አንድ አይደሉም። ስክሪኑ ግን ለሁለቱም እኩል ይቀላል፤ እንዲያ አድርጎ የሞላው ደግሞ ተቋሙ ራሱ ነው።

ሰው ይጨመር ሲባልም መልሱ ይታወቃል። በ2024 ለአንድ አረጋዊ በቀን 3.48 ሰዓት እንክብካቤ የሚያስገድድ የፌዴራል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ የተቋማቱ ማኅበር ከሰሰ፣ በ2025 አንድ የቴክሳስ የፌዴራል ዳኛ ሻረው።

ደግሞስ ፊርማ ይህን ያህል ከታመነ፣ ሞርፊን ሲሆን ለምን አይታመንም? በፈረቃ ቅብብል ወጪና ገቢ ነርሶች ቁልፉን ከፍተው አንድ በአንድ ይቆጥሩታል፤ አንዲት እንክብል ከጎደለች ቤቱ ይታመሳል። ጉንጭ ውስጥ የቀረችውን የግፊት ኪኒን የሚፈልግ ግን የለም፤ እሷን ማን ይሰርቃታል?