የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲሸጥ መለዋወጫውም ይታሰብ

በአሶሳ ዞን በመንጌ ወረዳ አትክልት የሚያለማ ሰው የገዛው የውሃ መሳቢያ ሞተር ዋና ሥራው በበጋ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናም ስላለ መኪናው ቤንዚኑን እንደ ያዘ ጥግ ይቀመጣል። በጋ ሲገባ ገመዱ ቢሳብ አይነሣም፤ ባለቤቱም «ዕቃው አይረባም» እያለ ወደ ባለሱቁ ይመጣል።

የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ ይህን ስሞታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ በእኔ አስተያየት ግን ጉድለቱ ከዕቃው ይልቅ ከአሻሻጣችን ነው። ለወራት የቆመ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ከክረምት በፊት ነዳጁን ከታንኩና ከካርቡራተሩ አንጠፍጥፎ ማውጣት፣ በፓምፑ ውስጥ የቀረውንም ውሃ ማፍሰስ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያህል እንኳ አይፈጅም። የብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች መመሪያም ዘይቱ መጀመሪያ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ እንዲለወጥ ያዝዛል። መመሪያው የተጻፈው ግን በባዕድ ቋንቋ ሲሆን አብዛኛው ገዢ በቤቱ የሚነጋገረው በበርታ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ባለሱቁ በቃል ሊያስረዳው ይገባል።

አስመጪዎችስ? 10 ሞተር አስመጥቶ አንዲት ካንዴላ ወይም የአየር ማጣሪያ አለማስመጣት ምን ይባላል! መለዋወጫ ገንዘብ አስሮ ያስቀምጣል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከአሶሳ ገበያ የታጣች ካንዴላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ከአዲስ አበባ እስክትደርስ ሽንኩርቱ በማሳው ላይ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ገበሬው በዱቤ የወሰደውን የሞተር ዋጋ ከምን አምጥቶ ይከፍለናል?