ስሙ ባዕድ፥ ሥራው ዘመድ

በሰዋስው ክፍለ ጊዜ «ባዕድ መድረሻ» ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ፈተና ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ግን በቃል መጨረሻ ላይ የምትቀጠለው ይህች ትንሽ ድምፅ የቋንቋ ሀብት ምንጭ ናት። ለዚህም የስላቭንና የኬልትን ቋንቋዎች ምስክር አድርጌ እጠራለሁ።

ቼኮች በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ሳሉ የከፍተኛ ትምህርትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ በአብዛኛው ጀርመንኛ ነበር። ዳሩ ግን የራሳቸውን አልተዉም። «ድሎ» የምትባለው መድረሻቸው ከግስ ጋራ ስትገጥም ስም ታወጣለች፤ ከማየት «ዲቫድሎ» ትያትር፥ ከማጠብ «ሚድሎ» ሳሙና፥ ኋላም ከመብረር «ሌታድሎ» አውሮፕላን ተገኘ። በፕራግ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ያሠራውና ከቃጠሎ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 ዳግመኛ የተከፈተው ብሔራዊ ትያትር የሚጠራው በዚሁ በ«ዲቫድሎ» ነው።

አየርላንዶችም «ላን» የምትባል የቦታ መድረሻ አለቻቸው። ከመጽሐፍ ቤተ መጻሕፍትን፥ ከምግብ ምግብ ቤትን፥ ከማየት ትያትር ቤትን ያወጡባታል። ሁለቱም ሕዝቦች ትያትርን ከማየት ማውጣታቸውን ልብ ይሏል። የዌልስ ሰዎች ደግሞ አየርን «አዊር» ስለሚሉ አውሮፕላንን «አዊረን» አሉት።

«ታዲያ ከውጭ ቃል መዋስ ነውር ነው ማለትህ ነውን?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። አይደለም። አየርላንዶች ከውጭ በመጣው «ፒክቱር» ላይ «ላን»ን ቀጥለው ሲኒማ ቤትን «ፒክቱርላን» ብለውታል። እኛም ከአውሮፓ በመጣው ጋዜጣ ላይ የራሳችንን «ኛ» ቀጥለን ጋዜጠኛ ብለናል። ሥሩ እንግዳ ቢሆንም መድረሻው የአገር ልጅ ስለሆነ ቃሉን ማንም እንደ ባዕድ አይቆጥረውም።

የእኛ ችግር ይህ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ሳይንስን በእንግሊዝኛ እንማራለን፥ ማታ ግን የተማርነውን ለእናቶቻችን በአማርኛ ማስረዳት ያቅተናል። እንግሊዝኛውን እንተው አልልም፤ እርሱም ያስፈልገናል። ነገር ግን ዕውቀት ከቤት ደጃፍ ሲደርስ ቃል አጥቶ መመለስ የለበትም። «ነት»ም፥ «ኛ»ም፥ መጥረጊያንና መለኪያን ያስገኘው አሠራርም በእጃችን ናቸው።

ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን በየዓመቱ ጥቂት ቃላት እየሠራ በዚህ መጽሔት ቢያቀርብ መልካም ይመስለኛል። ሕዝብ የወደደው ይኖራል፥ ያልወደደው ይቀራል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላልና፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በሬውን እንጥመድ!