ማቻ ቀመስን፤ ካርካዴ ገዛን

ሰሞኑን አዲስ አበባ የሚኖር ወዳጄ ለእረፍት አሶሳ ሲመጣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ጣሳ ይዞ ከተፍ አለ። «ማቻ ነው፤ ተራው እንዳይመስልህ፣ አንደኛ ደረጃ!» ዋጋውን ሲነግረኝ በስህተት አንድ ዜሮ የጨመረ መስሎኝ ነበር። አልጨመረም።

ለማያውቅ፦ ማቻ የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ዱቄት ነው። ቅጠሉ ከመለቀሙ በፊት ለሦስትና ለአራት ሳምንት ጥላ ይሠራለታል። ቀለሙ የሚደምቀው፣ ምሬቱ የሚለዝበው በዚህ ነው። ከዚያ በእንፋሎት ይመታል፣ ይደርቃል፣ አገዳው ይለያል፣ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ውድነቱ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም።

ወዳጄ ሁለት ግራም በወንፊት ነፋ፤ ውሃውን አፍልቶ ወደ 80 ዲግሪ እስኪበርድ ጠበቀ። ጃፓኖች የሚመቱት ከቀርከሃ በተሰነጠቀ መምቻ ነው። እኛ በቀርከሃ አገር ቁጭ ብለን በሹካ መታነው! ጓጎለ፤ ግን ተጠጣ።

ጣዕሙስ? እውነቱን ልናገር፤ ጥሩ ነው። መጀመሪያ አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል፣ አፍ ላይ እንደ መረቅ ይከብዳል፣ ሲወርድ ቀለል ያለ ጣፋጭነት ይተዋል። የጎረቤታችን እናት ግን አንዴ ፉት ብለው «ልጄ፣ ጎመኑን ቀቅላችሁ ውሃውን ነው እንዴ የምትጠጡት?» አሉ።

እንግዛው ወይ? ሒሳቡ ይኸው፦ የ30 ግራም ጣሳ 15 ስኒ ይወጣዋል። ዋጋውን ለ15 አካፍሉት። በወተትና በስኳር የምትጠጡት ከሆነ ደግሞ ውዱን መግዛት ከንቱ ነው፤ ያ ስስ ጣዕም ወተቱ ውስጥ ይሰምጣል። ጣሳው ላይ «ለሥነ ሥርዓት የሚሆን» የሚል ጽሑፍ ብታዩም አትደንግጡ፤ ጃፓን ውስጥ ይህን ደረጃ የሚወስን ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፈላጊው በዝቶ የኪዮቶ ታዋቂ ሻጮች ሽያጭ እስከ መገደብ ደርሰዋል። ስለዚህ የምትከፍሉት ለጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ለወረፋውም ጭምር ነው። እኔ አልገዛም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በማግስቱ ገበያ ወጥተን ካርካዴ ገዛን። እሱም በጣሳ ነው፤ ልዩነቱ ጣሳው መስፈሪያ መሆኑ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ የሚቀረው ቀይ ሽፋን ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ እዚህና በድንበሩ ማዶ ሱዳን ትኩሱም ቀዝቃዛውም ይጠጣል። አዲሱ ጥቁር ቀይ ነው፣ ኮምጣጣነቱ ምላስ ይቆነጥጣል። የከረመው ቡናማ ይሆንና ይደበዝዛል። ግን ሁለቱም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ፣ ከነአሸዋው፣ በአንድ ዋጋ! ታዲያ በጥንቃቄ ለቅማ ጥላ ሥር ያደረቀች ሴት ምን አተረፈች? ጎበዟም ሰነፏም እኩል ከሆኑ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይደክማል?

ጃፓኖቹ የሸጡልን ቅጠል ብቻ አይደለም፤ የት በቀለ፣ መቼ ተለቀመ፣ እንዴት ተፈጨ የሚለውን ታሪክም ነው። ይሄን ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም። ወንፊት፣ ንጹሕ ከረጢት፣ የተለቀመበትን ወርና ቀበሌ የምትናገር ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። እኛ ገዢዎችም ለተለቀመው ትንሽ ጨምረን እንክፈል። «ያው ካርካዴ አይደል?» እያልን ዋጋ የምንሰብረው እኛው ነንና።

ወዳጄ ሲመለስ አንድ ኪሎ ካርካዴ ይዞ ሄደ። የማቻውን ጣሳ ባዶ ሲሆን እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። የሚገባበትን አውቃለሁ።